ዶላሞ ለግቢው ያነጠፈው አርማታ

እሁድ ጠዋት ዶላሞ በሩን ከፍቶ ሲወጣ ተገኝ ግቢው መሐል ቁጢጥ ብሎ መሬት መሬቱን ሲያይ አገኘው። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሟል። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ገና ከቆርቆሮው ጫፍ ይንጠባጠባል።

«እንደምን አደርክ፣ ዶላሞ» አለ ተገኝ ቀና ሳይል።

ዶላሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሊል ነበር፤ ቃሉን መልሶ ዋጠው። «ደህና» አለ።

«ትናንት እንግዳ ነበራችሁ?»

ተገኝ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው። ከዶላሞ ጋር ጂንካ ውስጥ አንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ የእነ ዶላሞን ቋንቋ አሪኛንም እንደ አማርኛው አቀላጥፎ ይናገራል። አባቱ አዳኝ ነበሩ፤ በልጅነቱ ቆላ ይዘውት እየወረዱ ዱካ ማንበብ አስተምረውታል። የጎሽና የድኩላ ዱካ ያነብ የነበረ ዓይኑን አሁን በሰው ግቢ ላይ ያሳርፈዋል።

«ይሄ ኮንጎ ጫማ ነው» አለ በጣቱ እያመለከተ። «ይሄ ባዶ እግር፤ ሰውየው ከባድ ነው። ይሄኛው በረባሶ ነው፤ ሲገባ ቸኩሏል፣ ሲወጣ ቀስ ብሏል።» ከዚያ ጣቱን አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ሰደደ። «ይሄ ደግሞ ዱላ። አጠገቡ ወደ ውስጥ የዞረ ግራ እግር አለ። ይህችን ሴትዮ አውቃታለሁ።»

የዶላሞ ሚስት አረጋሽ የእቃ ማጠቢያ ሳፋዋን እንደያዘች ከጓሮ በኩል መጣች። «ገበያተኞች ናቸው» አለች። «ዝናብ ሲይዛቸው ገብተው ተጠለሉ። ሰው ከዝናብ ይባረራል እንዴ?»

«አይባረርም። ግን ሁሉንም ዝናብ የያዛቸው እናንተ በር ላይ ነው?» ተገኝ ተነሣ፤ የጉልበቱን ጭቃ ጠራረገና ወጣ።

ማክሰኞ ዕለት ኤርጎን ከወፍጮ ቤት ወሰዷት።

ኤርጎ ዱላዋን ይዛ፣ ግራ እግሯን ወደ ውስጥ እያዞረች የምትሄድ የአሪ ባልቴት ናት። ቤቷ ከጂንካ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ካቻምና የወንጌል አማኞቹ ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ የማዳበሪያ መጋዘን ሲሆን፣ ሌላው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ እሷ ብቻ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ቀርታ ተሸክመው ነበር ያወጧት። ከዚያ ወዲህ ስሟ በቀበሌ የታወቀ ነው።

የታሸገባቸው ሰዎች መሰብሰባቸውን አልተዉም። ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ቀን ስለሆነ ከየገጠሩ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ እህሉንና ቅቤውን የሸጠ ሰው ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም። የእነ አረጋሽ ቤት ለገበያው ቅርብ ነው፤ ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲወርድበት ውስጥ የሚዘምር ሰው ድምፅ አጥር አይሻገርም። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ደስ ይላቸዋል፤ ችግሩ ዝናቡ ጭቃ ማምጣቱ ነው። በደረቅ ቀን ዱካ አይኖርም፣ ድምፅ ግን ይሰማል። በዝናብ ቀን ድምፅ አይሰማም፣ የጂንካ ጭቃ ግን የረገጠውን ሁሉ ይዞ ያድራል።

ዶላሞ ከስብሰባው ሰው አይቆጠርም ነበር። ያመነው አረጋሽን ስለወደደ ነው ይላሉ የሚያውቁት፤ እሱም አይክድም። ሌሎቹ ውስጥ ሲጸልዩ እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በቆሎ ይፈለፍላል፤ ጆሮው ግን የግቢው በር ላይ ነው። ፈሪ ነበር። አባቱ ገባር ሆነው ሲኖሩ፣ የባላባቱ ሰው በመጣ ቁጥር ከመንገድ ወርደው ሣር ውስጥ ሲቆሙ እያየ ነው ያደገው። መለዮ ያደረገ ሰው ሲያይ እግሩ ራሱ ከመንገድ ይወርዳል።

በሥራው ግን የተከበረ ግንበኛ ነው። ከተማ የገባው ለክሊኒኩ ግንባታ ድንጋይ ሊያመላልስ ነበር። ከወላይታ የመጡ አንድ አናጢና ግንበኛ አጠገባቸው አቁመው ሲሚንቶ ማቡካት አስተማሩት። ከዚያ በኋላ በጂንካ የታወቀበት ሥራ የግቢ መረማመጃ ነው፤ ከበር እስከ በረንዳ፣ ከበረንዳ እስከ ሽንት ቤት የሚነጠፍ አርማታ። የአውራጃውን ሹማምንት ግቢዎች ሁሉ እሱ ነው ያነጠፈው። የገዛ ግቢው ግን ሰው የሚሰምጥበት ጭቃ ነበር።

ኤርጎ በተያዘችበት ቀን ማታ፣ እራት ሳይበላ «ይብቃ» አላት አረጋሽን። «ሌላ ቤት ይፈልጉ። የሚቀጥለው እኔ ነኝ።»

«እሷ ታስራ እኛ በራችንን እንዝጋ?»

«ዱካዋን አይቷል። እያንዳንዱን እየለየ ነበር የሚናገረው፤ ሰምተሻል።»

«ያስያዛት ታዲያ ጭቃው ነው» አለች አረጋሽ። «አንተ ባለፈው ወር የአስተዳዳሪውን ግቢ ስታነጥፍ አልነበር? እዚያ ላይ በዝናብ ዝሆን ቢያልፍ ዱካው ይታያል?»

ሲነጋ ዶላሞ ሲባጎውንና ችካሎቹን ይዞ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ይህን ያደረገው ጀግንነት ተሰምቶት አልነበረም። ስብሰባውን ማስቀረት እንዳልቻለ አውቋል፤ ሚስቱን ያውቃታል። አርማታው ከተነጠፈ ቢያንስ እሁድ እሁድ ጠዋት በሩን ሳይፈራ ይከፍታል ብሎ ነው።

ሲሚንቶ በዚያ ዘመን በፈቃድ የሚገኝ ነገር ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ ቀበሌ። ዶላሞ ወደዚያ ሊሄድ አልደፈረም። ከስልጤ የመጣው ነጋዴ ኸይሩ መጋዘን ውስጥ የረጠበ ሲሚንቶ እንዳለ ያውቃል። የጫነው መኪና ወንዝ ላይ ተይዞ ስላደረ ውሃ ነክቶት፣ ገዢ አጥቶ ጥግ ላይ ተከምሯል።

«ጠጥሯል እኮ» አለ ኸይሩ ከረጢቱን በእግሩ እየነካ።

«አውቃለሁ። ያልጠጠረውን እነፋዋለሁ። በምትኩ የመጋዘንህን ወለል እጠግንልሃለሁ።»

«ይሁን።»

«ሚስቴ ጭቃው ላይ እየወደቀች ነው...»

«ለምን እንደፈለግኸው አልጠየቅኩህም፣ ዶላሞ። አትንገረኝ። የማላውቀውን ነገር ማንም አያስወራኝም። ውሰድ።»

ሥራው ተጀመረ። አሸዋውን ከነሪ ወንዝ በአህያ አስመጣ። ከበሩ ተነሥቶ በቤቱ ጎን ዞሮ እስከ ጓሮ በር፣ ከዚያም እስከ ሽንት ቤት የሚደርስ ቦይ ቆፈረ። ጥቁሩን አፈር አንድም ሳያስቀር አወጣው፤ ያ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በላዩ የተነጠፈውንም ይዞ ይበጣጠሳል። በምትኩ ቀይ አሸዋና ድንጋይ ሞልቶ በግንድ ደቀደቀ። በግራና በቀኝ ካሳፎርማውን፣ ማለት አርማታውን አቅፎ የሚይዘውን ጣውላ፣ በችካል አቆመ። በውሃ ልኩ እየለካ ወደ ዳር በኩል ትንሽ ዘመም አደረገው፤ የሚወርድበት ውሃ ሁሉ እንዲያጥበው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ሐሙስ ዕለት ከሰዓት ተገኝ መጣ። ጣውላዎቹን ተከትሎ በቤቱ ጎን ዞረ፤ እስከ ጓሮ ደርሶ ተመለሰ።

«ከበር እስከ በረንዳ ይገባኛል» አለ። «እስከ ጓሮ ለምን?»

ዶላሞ ድንጋይ ከመደቅደቅ አላቆመም። ቢያቆም ግንዱ ከእጁ እንደሚወድቅ ያውቅ ነበር። «ሽንት ቤቱ እዚያ ነው። በቀበሌው ስብሰባ ላይ የጤና ረዳቱ ምን አለ? ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ መሄጃውን አድርቁ አላለም?»

«ብሏል።»

«ሰማሁት።»

«ሌላው ሰው የሰማ አይመስልም» አለ ተገኝ። «ሲሚንቶውን ከየት አመጣኸው?»

«የጠጠረ ነው። ማንም ያልፈለገው።» ዶላሞ ከቆሻሻው ክምር አንድ ጓል አንሥቶ ሰጠው። ተገኝ ጓሉን በመዳፉ መዘነ፤ ኪሱ ውስጥ ከተተውና ሄደ። ለምን እንደያዘው ዶላሞ ሊገባው አልቻለም። ያን ማታ እራቱን አልበላም።

ዓርብ ማለዳ፣ ዝናብ የማይመጣ መስሎ ሲታየው፣ ከአረጋሽ ጋር ማቡካት ጀመሩ። እሷ ውሃ ታቀርባለች፣ እሱ በአካፋ ይገለብጣል። ሲሚንቶው የደከመ ስለሆነ አብዝቶ ጨመረበት፤ ውሃውን ደግሞ አሳነሰ። ከበሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ ሞላ፣ በዘንግ ወጋጋ፣ በጣውላ ጎተተ፣ በካዙላ፣ በግንበኛ ማንኪያው፣ ዳር ዳሩን አስተካከለ። ሰውን እንዳያንሸራትት ላዩን በመጥረጊያ ጫረው። በየእርምጃው ልክ በብረት መስመር አወጣለት፤ መሰንጠቁ ካልቀረ በመስመሩ ላይ እንዲሰነጠቅ። የበሩ ወገን ጠንከር ማለት ሲጀምር ፀሐይ እንዳያደርቀው በሙዝ ቅጠል ሸፈነው። የግቢውን በር በግንድ ደግፎ ዘጋና የጎኑን ሊጨርስ ዞረ።

ቀትር ላይ የግንዱ መውደቅ ተሰማው። ቀጥሎ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማ።

ካዙላውን እንደያዘ ሮጦ ዞረ። ኤርጎ ናት። ከቀበሌው ጨለማ ክፍል በዚያች ሰዓት ፈትተዋት ነበር፤ ዓይኗ ብርሃኑን ገና አልለመደም። የሙዝ ቅጠሉ መሬት የተነጠፈ መስሏት በላዩ እየሄደች ነው። አርማታው አሁንም ለስላሳ ነበር። ዱላዋ ሰርስሮ ይገባል፣ ስታነሣው ቅጠሉን ይዞ ይወጣል። ከኋላዋ፣ ከበሩ ጀምሮ፣ የተቀደደ ቅጠል ውስጥ ያ ወደ ውስጥ የዞረ እግር አንድ በአንድ ታትሟል።

በአሪኛ «ልጄ፣ አረጋሽ አለች?» አለችው። ፊቷ በርቷል።

ዶላሞ ግን የሚያየው እሷን አልነበረም። ከበሩ ውጭ፣ ከማዶ ካለው የባሕር ዛፍ ሥር፣ ተገኝ ቆሟል። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቷል፤ አልተደበቀም፣ አልቀረበምም። ያኔ ለምን እንደፈቷት ገባው። ስትፈታ መጀመሪያ የምትሄድበትን ቤት ለማየት ነው።

ምን እንደሚያደርግ አላሰበም። አፉ ቀደመው።

«አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ጮኸ፤ በአማርኛ። በሕይወቱ ኤርጎን በአማርኛ አናግሯት አያውቅም። «ዓይን የለሽም? ሥራዬን አበላሸሽብኝ እኮ! ማነው ያስገባሽ?»

ኤርጎ ቆመች። «ዶላሞ?» አለች በቀስታ።

«አላውቅሽም! ለማኝ ሁሉ እየመጣ ግቢዬን ይረግጣል? ውጪ!» ክንዷን ይዞ ጎተታት። አጥንቷ በእጁ ውስጥ እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ ነበር። ወደ በሩ ገፋት፤ ተንገዳግዳ በጣውላው ላይ ወደቀች። ዱላዋን አንሥቶ መንገድ ላይ ወረወረው።

አረጋሽ ከጓሮ ወጥታ ይህን አየች። አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ቀጥሎ ተገኝን አየችውና ባለችበት ቀረች።

ኤርጎ በጉልበቷና በእጇ ተደግፋ ተነሣች። ተገኝ ወዳለበት አየች፣ ዶላሞን አየች። ከዚያ አንገቷን ሰብራ፣ እንደ ለማኝ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ውሃ ልለምን ነበር» አለች። ዱላዋን ፈልጋ አነሣች፤ እግሯን እየጎተተች ወደ ዳገቱ ሄደች።

ተገኝ መንገዱን ተሻግሮ በሩ ላይ ቆመ። ዱካዎቹን አየ፤ ረጅም ጊዜ አየ።

«አበላሸችብህ» አለ።

«አበላሸችብኝ» አለ ዶላሞ።

«ትጠግነዋለህ?»

«ሳይደርቅ አሁኑኑ።»

«ጠግነው እንግዲህ።» ተገኝ ጥሎት አልሄደም። በሩ ላይ ተደግፎ፣ ዶላሞ ተንበርክኮ ቅጠሉን ሲያነሣ፣ ቀጭን ሲሚንቶ አቡክቶ እያንዳንዱን ዱካ ሲሞላ፣ በእንጨት ሲያለሰልስ፣ መልሶ በመጥረጊያ ሲጭር እስከ መጨረሻው ተመለከተ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ እርጥቡ ላይ ይወድቅ ነበር። የመጨረሻው ዱካ ሲጠፋ ተገኝ መንገዱን ቀጠለ።

አረጋሽ ያን ማታ እራቱን አስቀምጣለት ለብቻዋ ወደ ጓዳ ገባች።

እሁድ ዶላሞ ወደ ዳገቱ ወጣ። ኤርጎ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጎደሬ ትልጣለች። ክንዷ ላይ፣ እሱ የያዘበት ቦታ፣ ጠቁሯል። መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ባትገፋኝ ኖሮ እዚያው ይይዙኝ ነበር» አለች። «አረጋሽንም።»

«ለዚያ ብዬ ነው...»

«ለዚያ ብቻ ነው?»

ዶላሞ ከዓርብ ጀምሮ ይህንኑ ራሱን ሲጠይቅ ነበር። ስትመጣበት የተሰማው ንዴት እውነተኛ ነበር። በዚያች ደቂቃ ከምድር ላይ ብትጠፋለት ደስ ይለው ነበር።

«አይደለም» አለ። «ከልቤ ነበር።»

ኤርጎ ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችው። «አውቄያለሁ። የሚያስመስል ሰው እንዲያ አይጎትትም።» የተቀቀለ ጎደሬ ከድስቱ አውጥታ በቅጠል አቀረበችለት። «ብላ። መንገዱ ሲደርቅ እመጣለሁ።»

በላ። ጎደሬው ትኩስ ነበር፤ ምላሱን አቃጠለው፣ ግን አላቆመም።

አርማታው ደረቀ። ዶላሞ ለብዙ ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣው፤ አርማታ ቶሎ ከደረቀ ይሰባበራል። ቅዳሜ መጣ፣ ዝናቡም መጣ፤ ሰዎቹ አንድ በአንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ሆነው፣ በመረማመጃው ተሻግረው በጓሮ በር ገቡ። ዝናቡ ከኋላቸው ጭቃቸውን ያጥባል፤ የተረፈውን አረጋሽ በባልዲ ውሃ ታለቀልቀዋለች። እሁድ ተገኝ ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ከአርማታው ግራና ቀኝ ያለው ጭቃ የዶሮ እግር ብቻ ነበረበት።

እንዲህ እየሆነ ወራት አለፉ። ዶላሞ እንዳሰበው ግን አልተረጋጋም። በረንዳው ላይ ሆኖ በቆሎ ይፈለፍላል፤ ኤርጎ በፊቱ ታልፋለች፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትለዋለች፤ ክንዷን ያያል። ከሰዎቹ ጋር ለመግባት አንድ ጊዜ ተነሥቶ በሩ ላይ ደርሶ ተመልሷል። የሚያፍረው ከእነሱ ነበር ወይስ ከሌላ፣ ራሱም አላወቀም።

በጥቅምት፣ ሁለተኛው ዝናብ በበረታበት ቅዳሜ፣ ተገኝ እሁድን አልጠበቀም። ዝናቡ መሐል መጣ። በሩን ከፍቶ ገባ፤ በመረማመጃው ላይ እየተራመደ፣ ውሃ ከባርኔጣው እየወረደ፣ በረንዳው ፊት ደረሰ። ውስጥ እየዘመሩ ነው። ቆርቆሮው ያጓራል፤ ምንም አይሰማም።

ዶላሞ ተነሣ። የበቆሎው ፍሬ ከጭኑ ላይ ተበተነ።

«ውስጥ ማን አለ?» አለ ተገኝ።

«አረጋሽ ናት።»

«ሌላስ?»

መሬቱ ላይ አንድም ዱካ የለም። አርማታው ታጥቦ ያበራል። «ማንም የለም» ቢል ምስክር የሚሆንበት ነገር አልነበረም፤ ያን ሁሉ የለፋው ለዚህች ቀን ነበር።

ተገኝ ግን ዓይኑን ወደ ጓሮ በር ሰደደ። ከበሩ መቃን ላይ አንድ ዱላ ተደግፎ ቆሟል። ወደዚያ አንድ እርምጃ ተራመደ።

ዶላሞ ከበረንዳው ወርዶ በፊቱ ቆመ። መረማመጃው ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው፤ ለማለፍ ወይ ጭቃው ውስጥ መውረድ ወይ እሱን መግፋት ያስፈልጋል። አሁን ግን እግሩ ከመንገዱ አልወረደም።

«እኔን ውሰደኝ» አለ።

«ምን አደረግህና?»

«ቤቱ የእኔ ነው። የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ይህን አርማታም ያነጠፍኩት እንዳታያቸው ብዬ ነው። ለቀበሌው ሊቀ መንበር እንዲህ ብዬ እናገራለሁ፤ በፊርማዬም በጣቴም። አሮጊቷን ግን አትንካ።»

ተገኝ ከባርኔጣው የሚወርደውን ውሃ በእጁ ጠረገ። «አላውቃትም ብለህ አልነበረም እንዴ?»

«ዋሽቼህ ነበር።»

ዶላሞ ተገኝ ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ አየ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ተገኝ አፈሙዙን ወደ ግቢው በር አመልክቷል።

«ቅደም» አለው።

ቀደመ። ወደ ኋላ አላየም። አረጋሽ በመስኮት ታያቸው ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ለሰዎቹ ነገረቻቸው፤ በጓሮ አጥር በኩል ተበተኑ። ኤርጎን አረጋሽ ራሷ ደግፋ አወጣቻት። ተገኝ ሌሎች ጠባቂዎችን ይዞ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ ያገኘው አረጋሽን ብቻ ነበር። ለመመለስ ለምን ያን ያህል እንደቆየ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም።

ዶላሞ በመጀመሪያ በቀበሌው፣ ኋላም በሌላ እስር ቤት እስከ ፋሲካ ማግስት ድረስ ታሰረ። እዚያ የተደረገበትን ለአረጋሽ እንኳ ሙሉውን አልነገራትም። ሲመለስ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም ነበር። ስሞቹን ጠይቀውት ነበር፤ የሰጠው የራሱን ስም ብቻ ነው። ቤት በገባበት ቅዳሜ ሰዎቹ ሌላ ግቢ ተሰብስበው ነበርና አረጋሽ ወደዚያ ስትሄድ ተከትሏት ሄደ። በረንዳ ላይ አልቀረም። ገብቶ ከኤርጎ አጠገብ ተቀመጠ፤ እሷም ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት።

ኤርጎ የሞተችው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ዓመት ነው፤ በእርጅና፣ በገዛ ቤቷ። ዳገቱ ላይ ሲቀብሯት ጉድጓዷን ከቆፈሩት አንዱ ዶላሞ ነበር።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ የማዳበሪያ መጋዘኑ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። ወለሉ በማዳበሪያው ጨው ተበልቶ፣ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ዶላሞን ጠሩት። ጣቶቹ እንደ ቀድሞው ካዙላ ስለማይዙለት የጉልበት ሠራተኛ ፈለገ። በማግስቱ ጠዋት ተገኝ መጣ። መለዮውንም ጠመንጃውንም ተነጥቋል፤ ሥራ የሚሰጠው አጥቶ ወራት አሳልፏል።

«አሸዋ መሸከም እችላለሁ» አለ።

ዶላሞ ብዙ አሰበ። ሊያባርረው የሚችልበት ምክንያት ነበረው፤ ያም ሰው ይህን አውቆ ነው የመጣው። ሥራው ግን ሰው ይፈልጋል፤ ደግሞም የዶላሞ ልብ ውስጥ፣ ፈልጎ ፈልጎ፣ ያን ያህል ትልቅ ቂም አጣ። «አካፋው እዚያ ነው» አለው።

አረጋሽ ግን አልወደደችውም። ምሳ ይዛ ስትመጣ ለባሏ አቅርባ የተገኝን ሳህን ከድንጋዩ ላይ ታኖርለታለች፤ ፊቱን አታየውም። «የባሌን ጣት ከሰበሩት ጋር ነበረ» አለች ዶላሞን አንድ ቀን። «አንተ ይቅር ብትል የአንተ ነው። እኔን አትቸኩልብኝ።»

አልቸኮለባትም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በየመስመሩ እየከፋፈሉ አነጠፉት፤ ተገኝ ውሃ ልክ ማየት፣ ዘመም መስጠት ተማረ። አንድ ቀን፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ አረጋሽ ሳህኑን ከድንጋዩ ላይ አላኖረችውም። በእጁ ሰጠችው።

«ጨው ጎድሎት ይሆናል» አለች፤ ወደ ሌላ እያየች።

ተገኝ ቀመሰው። «ደህና ነው» አለ።